ሐዋ ለሌላ መምህር ስትመልስ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ አሶሳ

ዛሬ ቀናሁ። ለራሴ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ዳይሬክተሩ የአዲሱን መምህር የአልሃዲን ክፍለ ጊዜ ገብቼ እንድገመግም አዘዘኝ። አልሃዲ የዚሁ አካባቢ፣ የሆሞሻ ልጅ ነው፤ አዲሱ ክልል አሠልጥኖ ከላካቸው የመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ። እኔ ከወሎ መጥቼ እዚህ ሒሳብ ሳስተምር ሰባት ዓመቴ ነው። አምና ክፍሉ የእኔ ነበር።

ጥያቄው «አምስት ሴቶች 12፣ 8፣ 15፣ 10 እና 5 ማንጎ ለቀሙ፤ አማካዩ ስንት ነው?» የሚል ነበር። እኔ ብሆን «ደምራችሁ ለአምስት አካፍሉ» ብዬ አልፈው ነበር። እሱ ግን አምስት ልጆች አስነስቶ እውነተኛ ማንጎ አስያዛቸው። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በበርታኛ አንድ ነገር ሲላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ብዙ የያዙት ጥቂት ለያዙት እየሰጡ ሁሉም አስር አስር ያዙ።

ይሄኔ ሐዋ እጇን አወጣች። አምና ስጠይቃት መሬት መሬት ታይ የነበረችው ሐዋ!

«አማካይ ማለት፣ ሁሉም ሰው እኩል ቢይዝ ለአንዱ የሚደርስ ነው» አለች።

እኔ በግምገማ ቅጹ ላይ «ክፍሉ ይንጫጫል፤ መምህሩ አማርኛ ብቻ አይጠቀምም» ብዬ ጻፍኩ።

ስንወጣ አልሃዲ አንብቦ ፈረመ። «ልክ ነዎት፣ ጫጫታውን እቀንሳለሁ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ሐዋን አምና እንዴት ነበር የሚያናግሯት? እኔ እስከ ዛሬ አቅቶኝ ነበር» ሲል ጠየቀኝ።

«ትዕግሥት ይጠይቃል» አልኩት። ቅጹንም ወስጄ ለዳይሬክተሩ ሰጠሁ።