ስለ ፖንዲሼሪ ብዙ አውቃለሁ፣ ዜግነት ግን የለኝም

ለተከበሩ የዜግነት ሰነዶች ክፍል ኃላፊ
ጅቡቲ ከተማ

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በማይቋረጥ ኤርኮንዲሽነር ሥር እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ነጅሙዲን፣ በካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ፣ ከሐረር ከመጡ ወላጆች በፈረንሳዮች ዘመን እዚሁ የተወለድኩ፣ ሕግ ሳልማር ሕግ የማስረዳ ሰው ነኝ። አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃነት ሲመጣ እህቴ ዙለይካ ለዜግነት ለመመዝገብ ስትነሳ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሕንድ የፈረንሳዮች የነበረችውን ፖንዲሼሪን በ1962 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከነሰዎቿ መጠቅለሏን ከአሮጌ ጋዜጣ አንብቤ ስለነበር፣ እኛንም አገሩ ራሱ ፈልጎ እንደሚያገኘን አረጋገጥኩላት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትፈልጉን፣ ሳትረብሹን ስላኖራችሁን አመሰግናለሁ።

2ኛ. አምና ወደ ሐረር ተመልሳ የነበረችው እናታችን ስታርፍ፣ ሁለታችንም ወረቀት ስላልነበረን ድንበሩን አልተሻገርንም። በዚህ ጉዳይ ክፍልዎ አንዳች ጥፋት የለበትም፤ ያላመለከተ ሰው ተከለከልኩ ብሎ ሊከስስ አይችልምና።

3ኛ. ዘንድሮ በኤፕሪል የጅቡቲ ሕገ መንግሥት መሻሻሉን በሬዲዮ ስሰማ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ በቀድሞው የፈረንሳይ ግዛት የተወለድን ሁሉ በአንድ አንቀጽ እንድንጠቃለል የሚጠይቅ ዘጠኝ ገጽ ሐሳብ ይዤ፣ እህቴን አስከትዬ መስኮትዎ ፊት ቀረብኩ። ስለ ፖንዲሼሪ ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። ጸሐፊዎ በትዕግሥት ሰምተው ከተማዋ የት እንደምትገኝ ጠየቁኝ፤ ሕንድ አልኳቸው። «እንግዲያው እዚያ ያመልክቱ» አሉኝ። ለዚህ ግልጽ መመሪያ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዙለይካ ግን በማግስቱ ብቻዋን ተመልሳ፣ ስትወለድ የነበሩትን ጎረቤታችንን እማማ ነጅማን ምስክር አድርጋ በሦስት ሳምንት ወረቀቷን አገኘች። ሱቄ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠችው በኋላ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፦ «ያኔ ባልሰማህ ኖሮ እናቴን እቀብር ነበር።» ትናንት መቃብሩን ልታይ ወደ ሐረር ስትሄድ ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ አውቶቡሱ በር ሸኘኋት፤ ከዚያ ወዲያ የምሄድበት ወረቀት የለኝም።

መስኮትዎ ፊት በቆምኩ ቁጥር የሚሰማኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ዜጋዎ ነኝ እንዳልል ስላልሆንኩ፣ እንዲሁ አክባሪዎ፣

ነጅሙዲን
ካርቲየ 7 ቢስ፣ ጁን 2010

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእህቴ በኋላ እኔም ሳመለክት ክፍልዎ ምስክር ስለጠየቀኝ የድሮ ጎረቤቴን ሙጠሊብን አምጥቼ ነበር። እሱም ምሎ፣ በ1977 መመዝገቢያው በር ላይ ቆሞ የሰፈሩን ሰው «አያስፈልጋችሁም፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ» እያለ ሲመልስ የዋለው እኔው መሆኔን መሰከረ። ጸሐፊዎ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ጽፈውታል። ቢያንስ ያን ቀን እዚህ ከተማ መኖሬን ስለሚያስረዳ ከፋይሌ ጋር ይያያዝልኝ፤ ፋይሌ ከተገኘ።