የእናትህ የማክሰኞ ቀጠሮ

ጓዴ፣

የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲው ሳይሞላ ድፋው። ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለ።

እኔ ክሊኒኩ ሄጃለሁ። ፊት ለፊት ልነግርህ ስላልደፈርኩ ይህን ጻፍኩልህ።

ለክሊኒኩ የጻፍኩት የቀጠሮ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሳምንት ቁጥር ነው የሚሠራው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዲሴምበር መጨረሻ ቀኖች ዘንድሮ የሚቆጠሩት በአዲሱ ዓመታቸው አንደኛ ሳምንት ውስጥ ነው። እኔ ሳምንቱን አንደኛ ብዬ ዓመቱን አሮጌውን ተውኩት። ኮምፒውተሩም የእናትህን የማክሰኞ መርፌ ዓመት ያለፈው ቀጠሮ ነው ብሎ ሰረዘው። ማስታወሻ መልእክትም አልላከላቸውም።

ሳትሞክረው ነው ወይ ያስረከብከው እንዳትለኝ። ሞክሬዋለሁ፣ በጁን ቀኖች፤ በዓመቱ መሃል ስህተቱ አይታይም። ሥራውን ያመጣህልኝ አንተ፣ "ቶሎ አስረክብ" እያልክ የነዘነዝከኝም አንተ።

እሱን እንተወው።

መርፌውን ዛሬውኑ እንዲወጓቸው ሐኪሙን እለምናለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ይዘሃቸው ና።

ትናንት በስልክ "መልእክቱ ደርሶሽ ረስተሽው ነው" ብለህ ስትጮህባቸው አጠገብህ ሶፋው ላይ ነበርኩ። ያኔ አውቄው ነበር።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ።

እናትህ አልረሱም። እኔ ላይ ከመጮህህ በፊት ለእሳቸው ደውልላቸው።