ምስክሩ ሁለት፣ አፉ አንድ

ዐርብ፣ የካቲት 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፤ ከቀኑ 8 ሰዓት
ስሌቱ አለቀ። መብራትም አልጠፋም፤ አልሐምዱሊላህ። አጽናፈ ዓለም ገና ጨቅላ ሳለ የተለቀቀው ብርሃን ዛሬም ደክሞ ይደርሰናል፤ እኔም ይህን ብርሃን ከሚያሳየው የሰማይ ካርታ ላይ አንብቤ የዓለምን ዕድሜ አሰላሁ። ከዐሥራ ሦስት ቢሊዮን ዓመት በላይ። የስሕተቱ ወሰን እጅግ ጠባብ። አማካሪዬ ዶ/ር ታ. በስልክ አመሰገኑኝ፤ በዚህ ጥበት ከጸና ለዶክትሬት የምትታጪው አንቺ ነሽ አሉ። የማስተርስ ጽሑፌን ረቡዕ እልካለሁ። ማስታወሻዬ፣ ደስታዬን የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ።

እኅቴ ፎዚያ ግን፣ "የዓለምን ካወቅሽ እስኪ የእማዬን ዕድሜ ንገሪን" አለችኝ። እማዬ አንበጣው በመጣ ዓመት ተወለድኩ ከማለት በቀር አታውቅም። ወሰኑ ሰፊ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 3፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት
ከአባባ ጋር ሰንበቴ ገበያ ዋልኩ። አባባ የከብት ደላላ ናቸው፤ የበሬን ዕድሜ ጥርሱን አይተው ይናገራሉ። አንድ ነጋዴ በሬው የስድስት ዓመት ነው አለ። አጠገቡ የቆመው ጓደኛውም፣ ወላሂ ስድስት ነው፣ ብሎ ማለ። አባባ ወደ ጓደኛው ዘወር አሉ።

"ሲወለድ ነበርክ?"

"የለም፤ እሱ ነው የነገረኝ።"

"እንግዲያ ምስክሩ ሁለት፣ አፉ አንድ ነዋ።"

ባለበሬው ራሱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። በስሌቴ ውስጥ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፍ የወሰድኩት መነሻ ግምት አለ፤ የስሕተት ወሰኔን ያጠበበው እሱ ነው። እነርሱስ ከየት አገኙት? አልጠየቅኩም። ስንመለስ ሚኒባሱ የጨፋን ሜዳ ሲያቋርጥ በሐሳብ ተውጬ አንድም ነገር አላየሁም።

ሰኞ፣ የካቲት 4፤ ጠዋት 1 ሰዓት
አጣራሁ። ግምታቸውን ያወጡት ከዚያው እኔ ካነበብኩት ካርታ ነው። አንዱ ሰማይ ሁለት ጊዜ መሰከረ፤ እኔም ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። ዶ/ር ታ. ሁለቴ አንብበው አላዩትም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እኔ ዐውቃለሁ።

ይገርማል፤ አላዘንኩም። እንዲያውም ልቤ ዘለለ፤ ስሕተቱን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ግምቱን አወጣሁ፤ ስሌቱን እንደገና አስነሣሁ። ለአባባ ነገርኳቸው። አብሽሪ፣ አይዞሽ አሉኝ። ጠዋት የሳትሽውን ከገበያ ሳትወጪ ካረምሽ ደላላ ነሽ፤ ካሳደርሽው ግን ሌባ፣ አሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6፤ ከቀኑ 10 ሰዓት
ስሌቱ ደረሰ። ወሰኑ እጥፍ ሆኗል፤ ዕድሜው ግን ከቦታው አልራቀም። ያለ ውሰት ግምት፣ ከብርሃኑ ብቻ። በግቢው ወዲያ ወዲህ እያልኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ፎዚያ፣ "ሥራዋ ተበላሽቶ የምትስቅ አንቺን አየሁ" አለች። እውነቷን ነው።

ለዶ/ር ታ. ደወልኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። እኔም አምልጦኛል አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። ምዕራፍ 4 እንደገና ይጻፋል። የጽሑፌ ግምገማ በአንድ ወር ይዘገያል። ዕጩነቱን ለዘንድሮ ቃል ሊገቡልኝ አይችሉም፤ ስም የሚላከው ከዚያ በፊት ነው። ይህ ቆነጠጠኝ። አልደብቅሽም። ለጥቂት ደቂቃ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወረቀት ሳብኩ። ወስኛለሁ፤ እርማቱን ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ አልሸሽገውም። ምዕራፍ 4 እንዲህ ይጀምራል፦ "ቀደም ሲል ያቀረብኩት ውጤት ስሕተት ነበረበት። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የተገኘበትም መንገድ እንደሚከተለው ነው።" የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ከወዲሁ እየመጣልኝ ነው፤ እጄ ሊደርስበት አልቻለም። ማስታወሻዬ፣ ልሂድና ልጻፈው።