ከአምባው ያወረዳችሁ በረዶ

ውድ እማዋይሽ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ፊደል ቆጥሬ ሰው ሆኛለሁ። ይህን ሁሉ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። በማታው ትምህርት ከማንኩሳ ሰው ሁሉ ቀድሜ የጨረስሁ እኔ ነኝ፤ አስተማሪው እንኳ እኔ እጄን ሳወጣ ጠመኔው ከእጁ ይወድቃል።

ወደ አምባችሁ የወጣሁትም በዚሁ ሰበብ ነው። «ፈተና ያለፋችሁ ጥንታዊውን ከተማ ትጎበኛላችሁ» ተባልን። ጓደኞቼ ዝናቡን ፈርተው ከገደሉ ሥር ቀሩ፤ እኔ በነሐሴ ጭቃ እየቧጠጥሁ ብቻዬን ወጣሁ። ነጋሢ ኖረበት የሚባለውን ግንብ ፈለግሁ፤ ከጉም በቀር ያየሁት የለም።

ዝናቡን ልጠለል ደጀ ሰላሙ ስገባ ገበሬው ባልሽን መካከል አቁሞታል። ደብተራ ሃይለ ሚካኤልን! በረዶ ይመልስልናል ብለው በየዓመቱ እህል የሚሰፍሩለትን ሰው። በዋዜማው በረዶው ገብሳቸውን አስተኝቶት ኖሯል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እኔን ሲያይ «ከታች የመጣኸው! እናንተንም መትቶ እንደሆነ የእግዜር ቁጣ ነው እንላለን። የኛን ብቻ ከሆነ ግን ይሄ ሰው ነው የሰደደብን፤ መሬቱን ተነጥቆ ከአምባው ይወርዳል» አለ።

አንቺ ልጅሽን አዝለሽ ከሴቶቹ መሀል ወጣሽ። «ቢሆነኝ፣ በሞቴ፣ ያየኸውን ተናገር!»

በሞቴ! ጥለሽኝ ስትሄጂ እኔም እንዲያ ብዬ ለምኜሽ አልነበር? «አንተ መቀለጃ እንጂ ባል ነህ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

እኔም ቀለድሁ። «ታች አገርማ በቆሎው ቆሞ ይዘፍናል! በረዶ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው እዚህ ድረስ የወጣሁት» አልሁ። ሰዉ ሳቀ። ደብተራው ብቻ አንገቱን ደፋ።

እውነቱን ልንገርሽ? የእናንተን ገብስ በመታበት ቀን በረዶው የእኔንም በቆሎ እንደ ጎመን ከትፎት ነበር። ዘንድሮ የምበላው የለኝም። ግን ልጅና ዕቃ ተሸክማችሁ በዚያ ዝናብ ገደሉን ስትወርዱ አይቼ ጠግቤአለሁ።

«ይህን ደብዳቤ ይዘን እንመለስ» እንዳትሉ። መሬታችሁ ለሌላ ተሰጥቷል፤ ጎጆውም ፈርሷል።

ቡሬ ገባችሁ ሲሉ ሰማሁ። ይህን የሚያነብልሽ መቼም ደብተራው ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ፣ ጽሑፌ አስቸግሮት እንዳይመስልሽ፤ አጥርቼ ነው የጻፍሁለት።

መቀለጃሽ የነበርሁት፣
ቢሆነኝ