ባና የለበሰው ማሽን

እትዬ ወሰንየለሽ፣ ነገሩ የተበላሸው እኔ ቁጭ ባልኩባት ቅጽበት ነው። ታኅሣሥ ውስጥ፣ በወረዳው አዳራሽ፣ ጋሽ በዕውቀቱ እኔ የሠራሁትን የድምፅ ሳጥን ሕዝብ ፊት ከፍ አድርጎ «የእኔ የፈጠራ ሥራ» ሲል ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ነበር። እማዬ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ «ኧረ በእመብርሃን፣ ዘመድሽን አታዋርጂ፤ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ የደረሰው ሁሉ ከዚያች መቀመጥ የመጣ ነው።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር በዪኝ። እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ያን ሁሉ ደረጃ አሁንም አንቺ ብቻ ነሽ የምትወለውዪው? ባለፈው ክረምት ቤይሩት በቦምብ ስትደበደብ እዚህ ስንት ስለት እንደተሳለልሽ ቆጥሬ አልጨርሰውም። በሕይወት አኑሮሽ ደብዳቤ ልጽፍልሽ ያበቃኝ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። አባባም ዓይናቸው ደከመ እንጂ ደኅና ናቸው።

እማዬ ባለፈው ሳምንት ስልክ ቤት ድረስ ሄዳ «እህትሽን ምከሪያት፣ ትፈርም» ብላሻለች አሉ። የምፈርመው ምን ላይ እንደሆነ ግን አልነገረችሽም። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ።

ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቄ እዚሁ አስታ ሜዳ ትምህርት ቤት የፕላዝማ ባለሙያ ሆኜ መቀጠሬን ታውቂያለሽ። ፕላዝማ በአንቺ ጊዜ ያልነበረ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። አስተማሪው ከሩቅ አገር በሳተላይት ይናገራል፣ ልጆቹ ይከተላሉ ይባላል። ግን እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ድምፁ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር እየተላተመ ይመለሳል፣ የማሽኑ ስፒከርም አቅም የለውም። የኋላ ወንበር ላይ የሚደርሰው እንደ ቀፎ ያለ ጉምጉምታ ነበር። ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ «ዛሬ ንቦቹ ምን አስተማሩ?» እየተባባሉ ይቀልዱ ነበር።

እኔ ግን ቀልዱ አላሳቀኝም። ከተበላሸ ቴፕ ላይ ትልቁን ስፒከር ፈታሁና የጽድ ሳንቃ አገጣጥሜ ሳጥን ሠራሁለት። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ እዚያው ተላትሞ እንዳያንጎራጉር የሳጥኑን ውስጥ በበግ ጠጉር ባና ቁራጭ ሸፈንኩት፤ ሱፍ ድምፅ ይውጣል። በክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይም ባና ሰቀልኩ፣ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ አባባ ጓሳው ለአጨዳ በወጉ ሲፈቀድ ያመጡትን ሣር ወጠርኩ። ከዚያ የኋላ ወንበር ልጆችን ከማሽኑ የሰሙትን ሃያ ሃያ ቃል አጻፍኳቸው። በፊት ከሃያው ስድስት ወይም ሰባት ነበር የሚይዙት። አሁን አሥራ ሰባት ያዙ! ያን ቀን ብታዪኝ፣ እትዬ፣ ዕብድ ነበርኩ። ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ። «ባናው የማሽኑን አካል ፈጽሞ አይንካ፤ ጀርባው ነፋስ ያግኝ» የሚለውን በቀይ አሰመርኩበት።

ጋሽ በዕውቀቱ ምክትል ርእሰ መምህር ነው፤ የእማዬ የአክስት ልጅ መሆኑን አንቺው ታውቂያለሽ። «እሳቸው» አለማለቴ ድፍረት ከመሰለሽ ድፍረት ይሁን፤ አክብሮቱን ያጎደለው እሱ ነው። የፈጠራ ውድድር ሲመጣ «ያ ሁሉ ሹም ፊት ልጃገረድ ቆማ ብታወራ ያላግጡብሻል። እኔ አቀርበዋለሁ፣ ስምሽን እጠራለሁ» አለኝ። እማዬም «ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም» አለች። እኔም ያደግሁበት ነውና እሺ ብዬ ሳጥኑንም ደብተሩንም ሰጠሁት።

ደብተሩን አላነበበውም። ዳኞቹ «ባናው ለምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «ማሽንም እንደ ሰው ነው፣ ሲበርደው ድምፁ ይዘጋል። እኛስ ብንሆን በዚህ ውርጭ ያለ ባና ድምፃችን ይወጣል?» አላቸው። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ማን ይጠራጠረው? የእኛ አገር ሰው ለአራሷም፣ ለጥጃውም፣ ለታመመውም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ደህና አድርጎ ማልበስ። ብርድን ሁሉም ያውቃል፣ የድምፅን ጠባይ ግን የጠየቀ አልነበረም። ስሜም አልተጠራም።

ተሸልሞ ሲመለስ መመሪያ አወጣ። የትምህርት ቤቱ ሦስት ማሽኖች ሌትም ቀንም ባና እንዲለብሱ፣ ጉም ሲወርድ እንዲደረብላቸው። እናቶች ከየቤታቸው ያማረ ባና እየመረጡ አመጡ። ሱፉ የማሽኑን ጀርባ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። እኔ ጠዋት ጠዋት እየገፈፍኩ አስቀምጣለሁ፣ እሱ ያስለብሳል። «ውስጡ ይግላል፣ ይቃጠላል» ብዬ ነገርኩት፤ «አንቺ ልጅ፣ በሽልማቴ ቀንተሽ ነው» አለኝ። ኋላም የካቲት 14 ቀን «ባናውን በማንሣት ንብረት ለብርድ አጋልጠሻል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ የካቲት 29፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች እየተማሩ ሳሉ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ። እኔ ሌላ ክፍል ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ልጆቹ በመስኮት እየዘለሉ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠጄ ልጆቹን ለማዳን ብላ የሚነደውን ባና በሁለት እጇ ይዛ ጎትታዋለች። የቀለጠው ፕላስቲክ ከሱፉ ጋር ጣቶቿ ላይ ተጣበቀ። ሌላ ሰው አልተጎዳም፤ ልጆቹ የተረፉት በእሷ ነው። ጠጄ በዚህ አገር እንደ እሷ አቅጥኖ ሱፍ የሚፈትል የለም ይባልላት ነበር። ዛሬ እንዝርት ቀርቶ ማንኪያ አትይዝም። ሌሎቹ ሁለት ማሽኖች ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘግተዋል። ለፈተና ወር እንኳ ሳይቀራቸው ልጆቹ ባዶ ግድግዳ እያዩ ይውላሉ።

አጣሪ ሲመጣ በዕውቀቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ባናውን ያመጣችው ፀደንያ ናት፤ ሐሳቡም ከመጀመሪያው የእሷ ነው» አለ። ታኅሣሥ ላይ የነፈገኝን ስም መጋቢት ላይ መረቀልኝ፤ እኔም ከሥራ ታገድኩ።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሽማግሌ ላከብን። መምሬ መርስዔ ኃዘን፣ የቤታችን የነፍስ አባት፣ መስቀላቸውን ይዘው ከሁለት አዛውንት ጋር መጡ። የተጻፈ ወረቀት ይዘዋል። «ባናውን ማሽኑ ላይ ያለበስኩት እኔ ፀደንያ ወዳጆ ነኝ፤ ጠጄም የተጎዳችው በራሷ አለመጠንቀቅ ነው» ይላል። ብፈርም በይቅርታ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፣ ዘመድም ይታረቃል። ጠጄ ግን መታከሚያም መጦሪያም የምትጠይቅበት መንገድ ይዘጋባታል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን አውጥቼ ለመምሬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አጥፈው መለሱልኝና «ልጄ፣ እውነቱስ ያንቺ ነው። ግን እውነት ብቻውን ቤት አያቆምም። ይቅር በይ» አሉኝ። እኔም «መምሬ፣ ያልተናዘዘን ሰው ይፈታሉ እንዴ? እሱ መጀመሪያ በደልኩ ይበል» አልኳቸው። መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ተሳለምኩት፤ ወረቀቱን ግን አልነካሁም። እማዬ ከእግሬ ሥር ወድቃ አለቀሰች። እትዬ፣ እናት እግር ሥር ስትወድቅ ማየት ምን እንደሆነ አልገልጽልሽም። አባባ አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «የጓሳን ሣር ያለ ወጉ ያጨደ ይጠየቃል፤ የልጄን ሥራ ያጨደውስ?»

በዕውቀቱ በማግስቱ ገበያ ላይ አግኝቶኝ «ቆይ፣ ዲፕሎማሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ሱፍ ስትፈትዪ አይሻለሁ» አለኝ። ሱፍ መፍተል ውርደት የመሰለውን ሰው ያሸለመው ሱፍ ነው አልኩት፤ ሰው እየሰማ።

አሁንም እንደታገድኩ ነኝ። ግንቦት 6 ቀን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ቅጂ አስነሥቼ አምስት ቦታ አስቀምጫለሁ። ጠጄ አብራኝ ትመጣለች፤ መጻፍ ባትችልም በአፏ ትመሰክራለች። የፈረዱብኝ እንደሆነ ከዚህ አገር የሚቀጥረኝ መሥሪያ ቤት አይኖርም። አንቺ በሰው አገር ወለል እያጸዳሽ ያስተማርሽኝ ትምህርት በአንድ ቀን ሊቀበር ይችላል። ይህን ሳስብ እፈራለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ያስተማርሽኝ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን እንድፈርም አይመስለኝም።

አባባ «ሳላያት ዓይኔ እንዳይጠፋ» ብለው ሰላም ብለውሻል። እማዬ ገበታ ከእኔ ጋር ባትቀርብም ያንቺን ስም ስታነሣ ፊቷ ይፈታል፤ ደጋግማ ስማሻለች። ጎረቤታችን ተሾመች መንታ ወልዳለች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ በዪኝ» ብላሻለች። ጠጄ «በክንዴ አቅፌሻለሁ» ብላ ልካብሻለች፤ ቃሉ የእሷ ነው። እዚያ አብረሽ ላሉት ለአገራችን ልጆች በሙሉ፣ በተለይ በጦርነቱ ጊዜ ላስጠጋችሽ ለይመኙሻል፣ ከልብ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

እትዬ፣ እንግዲህ ለእማዬ ብለሽ ፈርሚ እንዳትዪኝ። ቢቀጡኝ እችለዋለሁ፤ ብባረርም እችለዋለሁ። ሲያሸልም የሌላ፣ ሲያቃጥል የእኔ የሚሆን ሥራ ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። በጠጄ ጣቶች የተገዛ የዘመድ ዕርቅም፣ ማንም ይዞት ቢመጣ፣ አልቀበልም።

እህትሽ ፀደንያ ወዳጆ
መንዝ፣ አስታ ሜዳ
ሚያዝያ 19 ቀን 1999 ዓ.ም.