ስለ ጥሩነሽ እሺታና ስለ ጠየቅኸኝ ቃል

ለተወደድህ ወንድሜ ለኃይለየሱስ፤

ባሕር ማዶ እንደምን ሰነበትህ? የዓደን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የጎንህ ውጋትስ ተወህ? እኛ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ከጥቂት ጉንፋን በቀር ደህና ነን። ልጅህ ጥሩነሽ በቁመት በልጣኛለች።

በደብዳቤህ ሁለት ነገር አዘኸኛል። አንደኛው፥ አሠሪህ እንግሊዛዊ ለሚጽፈው መዝገበ ቃላት «ቢጋይል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አማርኛውን አምጣ ስላለህ ነው። ሁለተኛው፥ የሞጆው እህል ነጋዴ መርዳሳ ሽማግሌ ሲልክ ጥሩነሽን አባብዬ እሺ እንዳሰኛት ነው።

ፊደል የቆጠርሁት ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነውና የምችለውን ልበልህ። ቃሉ እንደ ጻፍህልኝ «ሰውን ደስ እያሰኙ ማሳሳት» ማለት ከሆነ፥ ማባበል አይበቃውም፤ የሚያለቅስ ሕፃንም ይባበላል። የተሸነገለ ሰው ደግሞ አንዳንዴ እየገባው ዝም ይላል። ደለለ ብትለው ይሻላል፤ የተደለለ ሰው በገዛ እግሩ ነው የሚሄደው። ምሳሌ ከፈለገ «ታላቅ እህት ታናሽዋን ደልላ ዳረቻት» ብለህ ጻፍለት። ታናሽ እህታችን ዘርፉ መቂ የተዳረችው የኔን ቃል አምና እንደ ነበር ታውቃለህ።

ሽማግሎቹ እሑድ ማለዳ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው ከመካከላቸው ታላቁ አቶ ጆቴ «እሺ ሳትይን ብንቀመጥ ወንበርሽ ይቆረቁረናል» አሉ። መርዳሳ ለጋ ጎልማሳ ነው፥ ቤቱም ቆርቆሮ ነው አሉኝ። «የሟች ሚስቱ ሦስት ልጆችስ?» ብላቸው፥ ሳቅ ብለው «አንቺ ሙሉብርሃን፥ ሽማግሌ የሚላከው ጉድለት ሊያወራ ነው እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። «ልጅቱን አንቺው አባብያት፥ ያንቺን ቃል አትጥልም» ብለው ቀጠሮ ይዘው ሄዱ።

እነሱ እንደ ወጡ ጥሩነሽን ጠርቼ ዕድሜውንም፥ ልጆቹንም፥ ቆርቆሮውንም ሳልደብቅ ነገርኋት። «ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። ገና ጡት መጣሉ ነው አልኋት። «እንግዲያስ ልጆቹን አይቼ እመልሳለሁ» አለች። ሐሙስ በባቡር ሞጆ ይዣት እሄዳለሁ። የእሷ መልስ እስኪደርስህ ለመርዳሳ የእሺታ ቃል እንዳትጽፍ እለምንሃለሁ። እንቢ ብትልም አልገፋትም፤ ቁጣህን እኔ እችለዋለሁ።

አብሮህ የሚኖረውን ገርባን እናቱ ደህና ናት በልልኝ። ጎረቤታችን ቡዜ እንደ ልማዷ አማርኛውን ከኦሮምኛ ቀላቅላ «ነጋ ነው ወይ?»፥ ሰላም ነው ወይ፥ ትልሃለች። አጎታችን አስፋው በብዙ ሰላም ብለውሃል። ጥሩነሽ «አባቴን ናፍቄአቸዋለሁ፤ ቁርጡን ግን ከኔ አፍ ይስሙ» ትላለች። ይህ የራሷ ቃል ነው፤ አልጨመርሁበትም።

እህትህ ሙሉብርሃን
አዳማ፥ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት