አግዳሚዬን የነጠቁኝ ሽማግሎች

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ለባንቺአምላክ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? ያ ክረምት ሙሉ ያንገላታሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ እኔ ግትር ሆኖ አልወጣም አለ? ባለቤትሽ ቢሆነኝ፣ ጎረቤቶችሽ፣ ዶሮዎችሽ፣ እዚያ ጎንደር ከአንቺ ጋር ወደዚህ ለመምጣት ወረፋ የሚጠብቁት ዘመዶቻችን ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍ ወገቤ ይታዘበኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ዜና በታላቅ ክብር አስታውቅሻለሁ። ቁጭ ብለሽ ስሚ። እኔ ወንድምሽ ተዘራ፣ በሰፈራችን በክፋር ግቢሮል፣ ከማትናሱ ደጃፍ ባለችው አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር፣ ጥላው በሚያርፍበት በቀኙ ጫፍ ላይ ለብዙ ዘመን ስገዛ ኖሬ፣ ያለ ጦርና ያለ ጥይት ከሥልጣኔ ወርጃለሁ። ማትናስ የምንለው ሰፈርተኛው የሚሰበሰብበትን ቤት ነው። አሁን የምቀመጠው ከቤት ተሸክሜ በማመጣት የፕላስቲክ ወንበር፣ ፀሐይ ላይ ነው። ማን እንደገለበጠኝ እነግርሻለሁ፤ ነገሩ ግን ከይግዛው ይጀምራል።

እዚያ ጎንደር «የባንቺአምላክ የልጅ ልጅ በእስራኤል አገር በቢላዋ ተወጋ» ተብሎ ተወርቶ፣ አንቺም እህል አልቀምስም ብለሻል አሉ። ልጅሽ ያለምዘውድ፣ የይግዛው እናት፣ እያለቀሰች ነገረችኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ካርዱ ቀልዴን መሐል ላይ ይቆርጥብኛል። እንግዲህ እህልሽን ብዪ። ይግዛው ጭረት የለበትም። ትናንት ከእኔ ቤት ጠግቦ በልቶ፣ ለመንገድም ዳቦ በኪሱ ከቶ ሄዷል። ሊሆን የነበረውን ግን አልደብቅሽም፤ ሰው አጣሞ ከሚነግርሽ እኔ ላጣምመው።

የእኔ የልጅ ልጅ ኒቭ፣ እኛ በመጣን በዓመቱ እዚህ የተወለደ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው በዕብራይስጥ ነው። ይግዛው ደግሞ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕብራይስጡ ገና ይንገዳገዳል። እዚህ በተወለዱትና በቅርብ በመጡት ልጆች መካከል በኳስ ሜዳ ጠብ ተነሣ። መጀመሪያ ስድብ ነበር። ከስድብ ወደ ግፊያ፣ ከግፊያ ወደ ድንጋይ ሄደ፤ በመጨረሻም የይግዛው ድንጋይ የኒቭን ቅንድብ ፈነከተው።

እኛ ሽማግሎች ምን አደረግን? ጋቢያችንን አጣፍተን ተነሣን፤ አባቶቻቸውን ጠራን፤ አሳሳምናቸው። የሰፈራችን ቄስ ውብነህ መረቁ፤ እኛም አሜን ብለን ረክተን ገባን። በሳምንቱ ልጆቹ እንደገና ተቧቀሱ። አሁን ደግሞ ልጆቹን አስመጥተን ጉልበት አሳምናቸው። ለምንለው ሁሉ «ቤሰደር፣ ቤሰደር» እያሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፣ መሬት መሬት እያዩ ወጡ። ከማትናሱ በር ሳይርቁ መሰዳደብ ጀመሩ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እያልን ያረጀን ሰዎች፣ ቅጠሉን ይዘን ስንጎትት ነበር።

አንድ ዓርብ ምራቴ ከበደች፣ የኒቭ እናት፣ ለሰንበት ወጥ ሽንኩርት ልትከትፍ ቢላዋዋን ብትፈልግ አጣች። መሳቢያውን ገለበጠች፣ ዕቃ ማጠቢያውን በረበረች፣ በመጨረሻም እኔን ጠረጠረች። «ጥርስ ለሌለው ሰው ቢላዋ ምን ይሠራለታል?» እያልሁ ሳበሽቃት፣ የኒቭ እህት ሜይታል የወንድሟን የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዛ መጣች። ቢላዋው በፎጣ ተጠቅልሎ ከደብተሮቹ መሐል ነበር። ባንቺአምላክ፣ ቀልዱን ትቼ ቢላዋውን መልሼ በፎጣው ጠቀለልሁት። የአንቺ የልጅ ልጅና የእኔ የልጅ ልጅ፣ የአንድ ቤት ደም፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው አንዱ መቃብር አንዱ እስር ቤት ሊገባ! ሰው ያወራልሽ ቢላዋ ይኸው ነው። ማንንም አልወጋም። እንዳይወጋ ግን ገና ምንም አላደረግንም ነበር።

ሜይታል ከጦር ሠራዊት በቅርብ የወጣች፣ አሁን በማትናሱ ከልጆች ጋር የምትሠራ ልጅ ናት። «ሳባ» አለችኝ፤ እዚህ አያት የሚጠራው እንዲህ ነው። «ሳባ፣ እናንተ ያልተጣሉትን ሰዎች ነው የምታስታርቁት። ጠቡ የእነሱ ነው፤ ሽማግሎቹም ከእነሱ ይሁኑ።» እኔም «ጢም ያላበቀለ ሽማግሌ የት አገር አይተሻል?» ብላት፣ «እርስዎስ ጥርስ ሳይኖርዎት ሥጋ ይበሉ የለም እንዴ?» አለችኝ። ይህን ምላስ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፤ እናቷ ግን እኔን ታየኛለች።

ሌሎቹን ሽማግሎች ማሳመን ሌላ ፈተና ሆነ። ቄስ ውብነህ «ልጅ በሽማግሌ ወንበር? ከአባቶቻችን ያልሰማነውን!» አሉ። ያን ጊዜ ነው የአባታችንን ስም የጠራሁት። መቼም ታስታውሺያለሽ፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች በመስኖ ውኃ ሲፋለጡ፣ አባታችን ሽማግሎቹን ከሾላው ሥር አስነሥቶ ጎረምሶቹን አስቀመጣቸው። እያንዳንዱ ተጣይም ሽማግሌውን ከራሱ ወገን ሳይሆን ከባላጋራው ወገን እንዲመርጥ አዘዘ። የዚያን ቀን የነበረውን ንፋስ፣ አባታችን የደረበውን ቡልኮ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ቄስ ውብነህ ጢማቸውን እየደባበሱ ብዙ አሰቡና «ከአባቶች ከመጣማ ምን እንላለን» አሉ።

እንዲያው አደረግነው። ኒቭ ከመጤዎቹ ልጆች ባሕሩ የሚባለውን መረጠ፤ ይግዛው እዚህ ከተወለዱት ሻሓር የሚባለውን። ሁለቱ በእኔ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሜይታል አማርኛውን ወደ ዕብራይስጥ፣ ዕብራይስጡን ወደ አማርኛ ልታሻግር ከጎናቸው ቆመች። እኛ ከኋላ ነን። የተሰጠን ትእዛዝ አንድ ነው፤ ካልተጠየቃችሁ አትናገሩ። ቄስ ውብነህን ከጾም የበለጠ ከበዳቸው። እኔንማ ሻሓር ዞር ብሎ በጣቱ ሲገሥጸኝ ዋለ።

ባሕሩ ማን መታ፣ ማን ቀደመ ብሎ አልጠየቀም። «ከሁሉ በፊት የጎዳችሁ ምንድን ነው?» አላቸው። ይግዛው «ድንጋዩን የወረወርሁት በኳስ ምክንያት አይደለም» አለ። «ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት ልጆቹ ጫማዬን እያዩ ሲስቁ ኒቭን አየሁት። ዘመዴ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ጠራሁት። አላውቀውም አላቸው።» ኒቭ በዕብራይስጥ፣ ድምፁን መስማት እስኪያቅተን ድረስ፣ «እኔን እዚሁ ተወልጄ ከየት መጣህ ይሉኛል። ዘመዴ ነው ካልሁ ጨርሰው ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ» አለ። ሻሓር ደግሞ ሽማግሌነቱን ረስቶ «ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ» አለ። አየሽልኝ? በእኛ ዘመን ሽማግሌ የሌላውን ጥፋት እንጂ የራሱን መቼ ያወጣ ነበር!

ፍርዳቸውን ስሚ። ይግዛው ስለ ኒቭ ቅንድብ ይቅርታ ጠየቀ። ኒቭ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይግዛውን ይጠብቅ፤ ዘመዴ ነው እያለ ሰው ሁሉ እያየው አብሮት ይግባ ተባለ። ቢላዋውንስ? ኒቭ በገዛ እጁ ለእናቱ ይመልስ፤ ከዚያም በዚያው ቢላዋ ለእርቁ ማዕድ ሽንኩርት ይክተፍ፤ ይግዛው ይላጥለት። ከበደች ሙሉ ጆንያ ሽንኩርት ፊታቸው አስቀመጠች፤ እሷም የራሷ ቂም ነበራታ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ዓይናቸው እስኪያብጥ አለቀሱ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ፣ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እንዲያ እንዲሆን ባሕሩና ሻሓር አስበውት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አግዳሚዋ የእነሱ ሆናለች። ጠብ ሲሸት፣ ገና ስድብ ሳለ፣ ከዚህም ከዚያም ወገን ልጆች መጥተው ይቀመጡባታል። ሁሉ ተሳክቷል ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ልጅ እርቁን ረግጦ ሄዷል፤ ባሕሩ ግን ቤቱ ድረስ እየተመላለሰበት ነው። አንዳንድ ሽማግሎችም «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ያልፋል» ይላሉ። አያልፍም። እኔ አላሳልፈውም። ሰው ሲናገር አለማቋረጥን፣ የራቀውን እንዴት እንደሚያቀርቡት፣ ዝም ያለውን እንዴት እንደሚጠብቁት ከእኛ ይማሩ፤ እኛም መጠየቅን ከእነሱ እንማራለን። አንድ ልጅ እንኳ ቦርሳው ውስጥ ከደብተር በቀር ምንም ሳይዝ ትምህርት ቤት ከሄደ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ብቀቀል ግድ የለኝም። ለበዓላችን ለስግድም ባለፈው ዓመት በየፊናችን የሄድን ሰዎች ዘንድሮ በአንድ አውቶቡስ ኢየሩሳሌም እንወጣለን። ኒቭና ይግዛው ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ሜይታል አዝዛለች።

ለቢሆነኝ ሰላምታዬን በጆሮው ጮኸሽ አድርሺልኝ፤ ደንቆሮ ነው ብዬ አይደለም፣ እንዲደነግጥ ነው። ዶሮዎችሽንም በተለይ ያን ተደባዳቢ አውራ ሰላም በዪልኝ፤ ባሕሩን እልክበታለሁ። ያለምዘውድ ጉልበትሽን ትስማለች። ከበደች እጅ ትነሣለች። ሜይታል ሳታውቂያት ትወድሻለች። ይግዛው «አያቴ እህል ትብላ» ይላል። ኒቭ ደግሞ በአማርኛ ላክልኝ ያለው ቃል ይህ ነው፤ «የይግዛው ዘመድ ነኝ።»

ወንድምሽ ተዘራ
ረሆቦት፣ ኅዳር 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይህን የምታነብልሽ ጎረቤትሽ ከዚህ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ ታድርግ። በሽንኩርቱ ነገር ተጠራጥረሽኝ ይሆናል፤ ሽንኩርቱ እውነት ነው። አግዳሚዬንም በእውነት ተነጥቄያለሁ። ከመስኖው ታሪክ ላይ ግን አእምሮሽን አታድክሚ፤ አላረጀሽም፣ ረስተሽም አይደለም። አባታችን ጎረምሳ ከሽማግሌ ወንበር ላይ አስቀምጦ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የፈጠርሁት፣ ከነቡልኮው። አሁን ቄስ ውብነህ አንቺ ዋሽተሽ እንደማታውቂ ሰምተው፣ ነገሩን እንዲያጣሩላቸው እዚያ ላሉ ዘመዶቻቸው ደውለዋል። ይመጡብሻል። አዎ ማለት ካቃተሽ ጆሮዬ አይሰማም በዪ። ቡልኮውን ከጠየቁሽ ግን፣ ጥለቱ ቀይ ነበር።